የጋሽ ወንዳፈረው ቀኝ መዳፍ

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ምልክት ያልተሰቀለበት አንድ ቤት አለ። የሚያውቀው ሰው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ሁሉ ቢመጣ ደግሞ ቤቱ አይችለውም፤ ያሉት የመቀመጫ ዱካዎች አምስት ብቻ ናቸውና። ስድስተኛ ሰው ከመጣ በሩ ላይ ቆሞ የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ እያየ ይጠብቃል። የተቀመጡትም ጀርባቸው እንደሚታይ እያወቁ፣ ሆን ብለው ቀስ እያሉ ያኝካሉ።

የቤቱ ምግብ ጥሬ ዓሣ ነው። ዓሣው ማለዳ ከቦዮ ሐይቅ ወጥቶ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በሞተር ብስክሌት በቦኖሻ በኩል ይመጣል። ባለቤቱ ጠና የሚባል ሰው ነው፤ ወጣት ሳለ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከአጥማጆች ጋር ሰባት ዓመት ኖሯል። ከዚያ ይዞት የተመለሰው ሀብት አንድ ቀጭን ቢላና ቢላውን የሚያውቅ እጅ ነበር። ከረጅም የዋንዛ ሳንቃ ኋላ ቆሞ የዓሣውን ቆዳ ይገፋል፣ ሥጋውን እንደ ወረቀት ያሳሳል፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ይደረድራል፤ ሎሚ ይጨምቅበታል፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ ጠብ ያደርግበታል፣ ትኩስ ቆጮ አጠገቡ ያስቀምጣል። ጥብስ የለም፤ ሾርባም የለም። “ምን አለ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ጠና “ዓሣ” ይለዋል። “ሌላስ?” ቢለው፣ “ሌላ ዓሣ” ይለዋል።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። የመጣ ሰው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ቀኝ መዳፉን ይዘረጋል፤ ጠናም የመጀመሪያዋን ቁራጭ በቢላው ጫፍ አንስቶ መዳፉ ላይ ያኖርለታል። ሰውየው እንደ ቆመ ይበላል፤ ጠናም ፊቱን ያያል። ለዚያ ሰው ምን ያህል ሎሚ፣ ምን ያህል ዳጣ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ከዚያ ፊት ነው። አንድ ጊዜ አንድ የባንክ ሠራተኛ እጄን አልታጠብኩም ብሎ ሊያልፍ ቢሞክር፣ ጠና የውሃውን ጀሪካን በአገጩ አሳየው እንጂ ሕጉን አላነሳለትም።

ከአምስቱ ዱካዎች ሦስተኛው የጋሽ ወንዳፈረው ነው። ስማቸው እንደ ተጻፈበት ያህል ነው፤ ሌላ ማንም አይቀመጥበትም።

ጋሽ ወንዳፈረው የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። አባታቸው ከደብረ ታቦር በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸውም ሆሳዕና ተወልደው፣ ሐዲይኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ለምደው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗል። ኮታቸው የተተኮሰ ነው፣ ባርኔጣቸው የተቦረሸ ነው፣ ከዘራቸው ጫፉ ላይ ላስቲክ አላት። ሰው ሲያናግራቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ተራውን እንደሚጠብቀው ሁሉ ቃሉም ተራውን ይጠብቅ ዘንድ።

ወደዚህ ቤት መጀመሪያ የመጡት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለጠና አንድ ደብዳቤ ሊያደርሱ ነበር። መዳፋቸው ላይ ጥሬ ዓሣ ተቀመጠላቸው። ነውር እንዳይሆንባቸው አፋቸው ውስጥ ከተቱት፤ ሐሳባቸው ግን ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ ሊተፉት ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ የሚተፋ ነገር አልነበረም። ቆም ብለው ትንሽ አሰቡ፤ ተመለሱም። “ሎሚው ትንሽ ይቀረዋል” አሉት ጠናን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጠናም ሎሚውን ጨምሮላቸው አያውቅም።

ረቡዕና ዓርብ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ወንዳፈረው ንስሐ አባታቸውን፣ “አባ፣ በጾም ቀን ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?” ብለው ጠይቀው ነበር። አባም፣ “ሳትጠይቀኝ ብትቀር ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ። ከጠየቅኸኝ ግን ላንተ አይበላም” አሏቸው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ይመጣሉ፣ ሦስተኛው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ፣ በግራቸው ሻይ ይጠጣሉ። ከጠና ጋር ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ያወራሉ። ጠና ካቶሊክ ነው፤ ለእሱ ዓርብ ዓሣ ማለት የታወቀ የጾም ምግብ ነው። ቢሆንም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን “ለምን አይበሉም?” ብሏቸው አያውቅም።

በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ በጋሽ ወንዳፈረው ግቢ ተከራይቶ የሚኖረው ዳዊት ወደ ቤታቸው መጥቶ ቆሞ ቀረ። ዳዊት የአዲሎ ከተማ ልጅ ነው፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፤ ቤታቸው ከገባ አራት ዓመቱ ሲሆን “አባባ” ነው የሚላቸው።

“ተቀመጥ” አሉት።

“ቆሜ ይሻለኛል አባባ። ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው።”

“ለማን?”

“ለሃና።”

ሃና የጠና ልጅ ናት፤ ሒሳብ አስተማሪ። ነገሩን ወደ ኋላ ቢከታተሉት ጥፋቱ የራሳቸው የጋሽ ወንዳፈረው ነበር። ባለፈው ዓመት ባርኔጣቸውን ሳንቃው ላይ ረስተው መጥተው፣ “እስኪ ሮጥ ብለህ አምጣልኝ” ብለው ዳዊትን የላኩት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣዋን ያቀበለችው ሃና ነበረች። ዳዊት ሮጦ ሄዶ በሁለት ሰዓቱ ነው የተመለሰው።

“እሑድ ደግሞ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ አሉ” አለ ዳዊት። “ከቦኖሻ። ዓሣውን የሚያመጣው ሰውዬ ለወንድሙ ልጅ ነው የሚጠይቀው።”

ጋሽ ወንዳፈረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓሣውን የሚያመጣው ሰውዬ ቀላል ተወዳዳሪ አይደለም። ጠና ልጁን ለዚያ ቤት ቢሰጥ ማን ይፈርድበታል?

“እንግዲያው ማክሰኞ እንሄዳለን” አሉ።

ሦስት ሰው ተመረጠ። የሽማግሌዎቹ ቃል አቅራቢ ጋሽ ወንዳፈረው፤ ከአዲሎ የዳዊት አጎት አቶ ጴጥሮስ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ሃይማኖት የሚያስተምሩ ዝምተኛ ሰው፤ ሦስተኛው ቸኮል፣ የጋሽ ወንዳፈረው የልጅነት ጓደኛ፣ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰና ዝም ማለት የማይሆንለት። ጋሽ ወንዳፈረው ንግግሩን በደብተር ጽፈው አነበቡላቸው። ካነበቡ በኋላ ጣታቸውን አንስተው፣ “ሽማግሌ ቃሉን ሳይናገር፣ መልሱን ሳይሰማ እህል አይቀምስም። የቀመሰ እንደ ሆነ እንግዳ እንጂ ሽማግሌ አይደለም፣ ነገሩም ይፈርሳል። ቸኮል፣ ይህ በተለይ ላንተ ነው” አሉ።

“እኔ ምን አደረግኩ?” አለ ቸኮል።

“ገና ምንም አላደረግክም።”

የጠና መኖሪያ ከዓሣ ቤቱ ኋላ ነው። ቤቱን ሲሠራ ለዱካዎቹ ቦታ ፍለጋ ሌላውን በር ደፍኖታልና፣ ወደ ሳሎን የሚሄድ ሁሉ፣ ጳጳስም ቢሆን፣ በአምስቱ ዱካዎችና በግድግዳው መካከል በጎኑ እየተንፏቀቀ ማለፍ አለበት። ሽማግሌዎቹ ደንበኛ የማይኖርበትን ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓትን መርጠው ደረሱ። ጋሽ ወንዳፈረው ነጭ ጋቢ ደርበው ፊት ፊት ገቡ። ጠና ሳንቃውን እየወለወለ ነበር።

“ኑ፣ ግቡ” አለ።

ጋሽ ወንዳፈረው እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን ሳንቃው ላይ አስደገፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ጠና፣ እንደምን ዋልክ። ዛሬ የመጣነው…” እያሉ ሳለ ጠና ከቅጠሉ ሥር አንዲት ቁራጭ በቢላው ጫፍ አነሳ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር የጋሽ ወንዳፈረው ሐሳብ ያለበት አይደለም። መዳፋቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቁመት፣ ያ ቢላ ሲነሳ የሚከፈት መዳፍ ነው፤ ተከፈተ። ቁራጯ አረፈችበት። እጁ ወደ አፍ ሄደ፣ አፉም ተቀበለ።

“እንዴት ነው?” አለ ጠና፣ ፊታቸውን እያየ።

“ሎሚው ትንሽ ይቀረዋል” አሉ ጋሽ ወንዳፈረው።

አቶ ጴጥሮስ አማተቡ።

“ወንዳፈረው” አለ ቸኮል ቀስ ብሎ፣ “በላህ።”

“አልበላሁም።”

“እየዋጥክ ነው የምትናገረው።”

ጋሽ ወንዳፈረው ዋጡ። ሌላ ምን ይደረጋል።

አቶ ጴጥሮስ ነገሩን ለማዳን አንድ እርምጃ ቀደም ብለው፣ “አቶ ጠና፣ እኛ እንኳ በሽምግልና ነበር የመጣነው” አሉ።

ጠና ቢላውን በጨርቅ ጠረገ፤ ሁለቱንም ጎኑን፣ በየተራ። “ሽማግሌ እኮ አይበላም” አለ።

“አይበላም።”

“ጋሽ ወንዳፈረው በልተዋል። ሎሚም ጎደለው ብለዋል።” ትከሻውን ሰበቀ። “እንግዲህ እንግዶች ናችሁ። እንግዳ ደግሞ አይቆምም፤ ተቀመጡ።”

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ተሰማ። የሒሳብ አስተማሪ ሳቅ ይመስል ነበር።

ተቀመጡ። ቸኮል “ከተበላማ ወዲያ” ብሎ እጁን ታጥቦ መዳፉን ዘረጋ፤ ሁለት ቅጠል ሙሉ በላ። ጋሽ ወንዳፈረው ግን ከዚያች ቁራጭ ሌላ አልነኩም። ደብተሩ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ደረታቸውን ይወጋቸው ነበር።

ሲወጡ ጠና፣ “በሽምግልና የምትመጡ ከሆነ ቀን ቁረጡ። እሑድ ሌሎች ሰዎች እንደሚመጡ ተነግሮኛል” አላቸው።

ጋሽ ወንዳፈረው አሰቡ። ይህ መዳፍ የማይታመን መዳፍ ሆኗል፤ ማክሰኞም ሐሙስም ቢመጡ መከፈቱ አይቀርም። አርፎ የሚውለው በጾም ቀን ብቻ ነው። ነገ ረቡዕ ነው፤ ከዚህ ውርደት በኋላ ለነገ መቅረብ ችኮላ ይሆናል። የቀረው አንድ ቀን ነው።

“ዓርብ” አሉ፣ በራሳቸው ብልሃት ደስ እያላቸው።

ጠና ትንሽ ረዘም አድርጎ አያቸው። “ዓርብ?”

“ዓርብ።”

“ይሁን ጋሽ ወንዳፈረው። እርስዎ ካሉ ዓርብ ይሁን” አለና ወደ ሳንቃው ዞረ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ ነበረ፤ ጋሽ ወንዳፈረው ግን ከዘራቸውን ሲያነሱ አላዩትም።

ዳዊት የግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

“እሺ አባባ?”

“በላሁ” አሉ።

ዳዊት አጠገቡ በተደፋው የውሃ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ቀጠሮው ለዓርብ እንደ ተዛወረ ሲነግሩት፣ “ምናልባት ለዓርብ ሌላ ሰው ቢመራስ?” አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። “እንዳይደክሙብኝ ብዬ ነው።”

ይህች ቃል ከማክሰኞው ውርደት ሁሉ ባሰች። ጋሽ ወንዳፈረው መዝገብ ቤት በነበሩ ጊዜ አንድ ደብዳቤ ጠፍቶባቸው አያውቅም። አሁን በስተርጅና የአንድ ልጅ ትዳር በአንዲት ቁራጭ ዓሣ ከእጃቸው ሊጠፋ ነው።

“ያጣመምኩትን እኔው አቃናዋለሁ” ብለው ገቡ።

ሐሙስ ቀን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሦስተኛው ዱካ ባዶ ዋለ። ጋሽ ወንዳፈረው ቤታቸው ውስጥ ከጠረጴዛ ፊት ቆመው ይለማመዱ ነበር። ከዘራውን በቀኝ እጅ ጨብጦ፣ ግራውን በላዩ ላይ ደርቦ፣ ሁለቱንም በጋቢ ሸፍኖ መናገር። ቸኮል መጥቶ በቢላ ፈንታ ማንኪያ እያነሳ ፈተናቸው። ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ በሦስተኛው አለፉ።

ዓርብ በዚያው ሰዓት ገቡ። ጠና እንደ ማክሰኞው ሁሉ ቢላውን አነሳ፤ በጫፉ ላይ ቁራጭ ነበር።

“ዓርብ ነው” አሉ ጋሽ ወንዳፈረው፣ ከጋቢው ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ።

“እውነትም” አለ ጠናና ቁራጯን መለሳት። “ይግቡ እንግዲያ።”

በጎን በጎናቸው እየተንፏቀቁ ወደ ሳሎን አለፉ። የጠና ሚስት ገነቴ ወንበር አቀረበችላቸው። ጋሽ ወንዳፈረው እንደ ቆሙ፣ ደብተሩን ሳያወጡ፣ ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሱት። ጠና እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ አዳመጠ።

“ልጁ ማታ በስንት ሰዓት ይገባል?”

“በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ። ተቆልፎበት አያውቅም።”

“ይጠጣል?”

“ለበዓል።”

“ዓሣስ ይበላል?”

ጋሽ ወንዳፈረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቸኮል ከጎናቸው ሆኖ “ይበላል በል” ለማለት በእግሩ ነካ አደረጋቸው። መዋሸት ቀላል ነበር። ግን ሰባ አንድ ዓመት ያልለመዱትን ዛሬ ቢጀምሩት መዳፋቸው ሳይሆን ምላሳቸው ነው የሚያሳፍራቸው።

“ጠና፣ አልዋሽህም። ጥሬ ዓሣ ሲያይ ይገረጣል። ሥራው በማጉያ መሣሪያ ማየት ነው፤ ሰው የማያየውን ሁሉ ያያል። እኔ አንተ ዘንድ መብላቴን ሲያስብ እንኳ ውሃ አፍልቶ ይሰጠኛል።”

ገነቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

“የቦኖሻዎቹ ሰዎች፣ ልጃችን ዓሣ እንደ ነፍሱ ይወዳል ብለው ልከውብኛል” አለ ጠና። “ዓሣ የሚሸጥልኝ ሰው ሌላ ምን ይለኛል? የራሱን ወገን ጉድ ራሱ የሚነግርህ ሰው ግን…” አልጨረሰውም። “ሃና።”

ሃና ከውስጥ ወጣች።

“ሰምተሻል።”

“ምኑን?” አለች ሃና።

“ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሽውን።”

“ያ ባርኔጣ ሊወስድ የመጣው ሰው ከሆነ” አለች፣ ጋሽ ወንዳፈረውን በዓይኗ ጥግ እያየች፣ “ጸባዩን አላውቅም፤ ባርኔጣ ግን በደንብ ይይዛል። እሺ ብያለሁ።”

“እንግዲህ ሰጥቻለሁ” አለ ጠና።

አቶ ጴጥሮስ ተነስተው በሐዲይኛም በከምባትኛም መረቁ። ቸኮል ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ ወንዳፈረው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ጠና ቆመ። “አሁን ሽማግሌ ይቀምሳል” አለ። “ኑ ወደ ሳንቃው።”

ጋሽ ወንዳፈረው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። ልጅ የሰጠ አባት በእጁ ያቀረበውን የሽማግሌዎቹ መሪ ካልቀመሰ፣ የአባትየው እጅ ባዶ ተመለሰ፣ ስጦታው ተናቀ ማለት ነው። የዚህ ቤት እጅ የሚያቀርበው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ቢባል ሌላ ዓሣ ነው።

“ዛሬ ዓርብ ነው” አሉ ቸኮልን፣ በሹክሹክታ።

“ማን መረጠው?” አለ ቸኮል።

“እኔ ልቅመስላቸው፤ ለእኛ ለካቶሊኮቹ ዓርብ ይበላል” አሉ አቶ ጴጥሮስ።

“የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚቀምሱትም እሳቸው ናቸው” አለ ጠና ከሳንቃው ኋላ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር፤ ክንዱ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አንድ ነገር እያሳሳ ነው፤ ከወትሮውም ቆየ። ሎሚ ጨመቀ። ዳጣውን አብዝቶ አፈሰሰ።

ጋሽ ወንዳፈረው ሳንቃው ፊት ቆሙ። ማክሰኞ ለመብላት ያልተፈቀደላቸውን በልተው ነገሩን አፈረሱት፤ ዛሬ ለመቅመስ የማይፈቀድላቸውን ካልቀመሱ ደግሞ ያው ነው። ንስሐ አባታቸውን አሰቡ። መቶ ስግደት ያዟቸዋል። ጉልበታቸው አርባውን ይችላል። የቀረውን ስድሳ፣ ካቶሊክም ቢሆን፣ ዳዊት ይስገድላቸው፤ ለማን ሲባል ነው። ከዚያ በግቢያቸው በር ላይ የሚጠብቀውን፣ ባልዲው ላይ የተቀመጠውን ልጅ አሰቡ።

ከዘራቸውን ሳንቃው ላይ አስደገፉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገለጥ አደረጉ። ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ በዚህ ጊዜ መዳፉ ሳይሆን ራሳቸው ናቸው የዘረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀጭን ነገር አረፈበት። አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ሎሚው፣ የዳጣው ቃጠሎ፣ ሁሉም የሚያውቁት ነው። አንዴ አኘኩ። ሁለተኛ ሲያኝኩ አንድ ነገር ተለየባቸው፤ ጥርስ ላይ ጠንከር ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የታወቀች ኮምጣጣ አለች። ዓይናቸውን ገለጡ። ጠና ፊት ለፊታቸው እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን እያየ ነው። ከክንዱ ጀርባ፣ ለሌላ ሰው በማይታይበት በኩል፣ ነጩ ቦታ ተመርጦ የተቆረሰበት አንድ የቆጮ ቁራሽ ነበር። አፋቸው ውስጥ ያለው ከዚያ የመጣ ነው፤ እንደ ዓሣ ሳስቷል፣ እንደ ዓሣ ተቆርጧል፣ ዳጣውን ለብሶ ማንም አይለየውም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ረቡዕና ዓርብ በግራ እጅ ሻይ ሲጠጡ፣ ይህ ሰው ያይ ነበር ማለት ነው።

“እንዴት ነው ጋሽ ወንዳፈረው?” አለ ጠና።

ጋሽ ወንዳፈረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቃሉ ተራውን ጠበቀ።

“ሎሚው ትንሽ ይቀረዋል” አሉ። “ዓሣው ግን እንዲህ ጥሩ ሆኖ አያውቅም።”

ጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ጴጥሮስ “ተመስገን” አሉ። ቸኮል ግን አፉን ከፍቶ ጓደኛውን ሲያይ ቆየ።

“በዓርብ ቀን” አለ። “ለአንድ ተከራይ ብለህ።”

“ተከራይ አይደለም” አሉ ጋሽ ወንዳፈረው፣ ሦስተኛው ዱካ ላይ እየተቀመጡ።

“ንስሐ አባትህ ምን ይሉሃል?”

“እሱን ለእኔ ተውልኝ” አሉ በታላቅ ክብር፤ እስከ ዛሬም ምሥጢሩን አልነገሩትም። ቸኮል ይህን ታሪክ በየሄደበት ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጋሽ ወንዳፈረውም በአጠገቡ ካሉ ወደ ሩቅ ያያሉ።

ሻይ መጣላቸው። በግራቸው አነሱት። ቀኝ እጃቸው ግን ወደ ኪስ አልተመለሰም፤ ሳንቃው ላይ እንደ ተከፈተ ቀርቶ ነበር። ጠና አየው፤ ሌላ ቀጭን ቆጮ አሳስቶ አኖረበት፣ ሎሚውንም ሳይጨምር።